ስለ ጉማሬና ከሩቅ ባሕር ስለሚመጡ ወፎች

በአዊ አገር በጥርባ የተወለደ ልጅ ሐይቅን ያውቃል፤ ትልቅ ባሕርን ግን አላየም። ጥርባ እንደ ጎረቤቱ እንደ ዘንገና እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ የቆመ ሐይቅ ነው። በዳሩ የቆመ ሰው ማዶ ያለውን ዛፍ ያያል፤ እረኛውም ከወዲያ ሲጣራ ይሰማዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ በጾመ ነነዌ የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ ሰምቶ፥ «ሰውን የሚውጥ ዓሣ በየትኛው ውኃ ውስጥ ይበቃዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ሊሣቅበት አይገባም። የሚጠይቀው ጥርባን በዓይኑ ለክቶ ነውና።

በግዕዙ መጽሐፍ ያ እንስሳ ዐንበሪ ይባላል። በአማርኛ ግን ሰው ሁሉ ዓሣ አንበሪ እያለ ዓሣ የሚለውን ቃል ከፊቱ ጨመረበት። ይህም ከልማድ የመጣ ነው እንጂ ከባሕርዩ አይደለም። ዓሣ በውኃ ውስጥ ሳለ በስንጥቡ ይተነፍሳል፤ ደሙም ቀዝቃዛ ነው፤ የሚራባም አብዛኛውን ጊዜ ዕንቍላል ጥሎ ነው። ዓሣ አንበሪ ግን እንደ ላም ሳንባ አለው፤ ደሙ ይሞቃል፤ አንድ ግልገል ወልዶ ወተት ያጠባል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ቢኖርም ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሰማያዊው ዓሣ አንበሪ ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ይኸውም አሥራ አምስት በሬዎች አፍና ጭራ ገጥመው ቢሰለፉ የሚይዙት ስፍራ ያህል ነው። በጥርባ ውስጥ ቢገባ የሚበላው አያገኝም።

ባሕር ባለባቸው አገሮች ሰዎች በብርድ ወራት ካፖርት ደርበው በጀልባ ወደ ጥልቁ እየወጡ ይህን እንስሳ ሊያዩ ይጠባበቃሉ። አስቀድሞ የሚታየው ሥጋው አይደለም። የሚታየው ትንፋሹ ነው፤ በራሱ ላይ ባለው አፍንጫ ሲተነፍስ ብርዱ ላይ እንደ ጢስ ዐምድ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ምልክት ወፎች ናቸው። ዓሣ አንበሪ ከሥር ሲነሣ ትንንሾቹ ዓሦች እየሸሹ ወደ ላይ ይመጣሉና የባሕር ወፎች በዚያ ስፍራ ላይ ተሰብስበው ይጮኻሉ። ብልህ ቀዛፊ ውኃውን ትቶ ሰማዩን ይመለከታል።

የኢትዮጵያ ሰው ይህን ለማየት ዛሬ ወደ ውጭ አገር መሄድ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የዓሣ አንበሪ የቅርብ ዘመድ በደጁ አለ፤ እርሱም ጉማሬ ነው። ይህ ቃል ላልሰማው ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የዘመኑ ሊቃውንት አጥንትንና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የደም ውርስ መርምረው፥ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት እንስሶች ሁሉ ለዓሣ አንበሪ የሚቀርበው ጉማሬ መሆኑን አረጋግጠዋል። በግብፅ አገር ከፋዩም በስተ ምዕራብ ባለው ምድረ በዳ ዋዲ አል ሂታን የሚባል ስፍራ አለ፤ ትርጓሜውም የዓሣ አንበሪዎች ሸለቆ ማለት ነው። በአሸዋው ውስጥ ድንጋይ የሆነ የጥንት ዓሣ አንበሪ አጥንት በብዛት ተገኝቶበታል። ከነዚያ አጥንቶች መካከል ትንንሽ የኋላ እግሮች ይታያሉ፤ የዛሬው ዓሣ አንበሪ ግን እንዲህ ያለ እግር የለውም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ያ ሸለቆ በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ከዳንግላ በኩል የሚወርዱት ውኃዎች በግልገል ዓባይ ወደ ጣና ገብተው፥ ከጣናም በዓባይ ወጥተው ወደ ግብፅ ይወርዳሉ። ያ ሸለቆ የሚገኘው ከዓባይ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ ነው።

ስለዚህ የጥርባው ልጅ ጥያቄ በጣና ባሕር ላይ ግማሽ መልስ ያገኛል።

ወደዚያ ለመሄድ የሚመረጠው ወራት በጋ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን ይቈያል። በዚህ ጊዜ በአዊ ደጋ ላይ ማለዳው ውርጭ ነው፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው፤ መንገዱም ጭቃ የለውም። ፈረንጆች ይህንኑ ወራት ክረምት ይሉታል። የእነርሱ ክረምት ዝናብ አይደለም፤ በረዶ ነው። በሩስያ፥ በፊንላንድና በኢስቶኒያ አገር ረግረጉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ እህል የተለቀመበት እርሻም በበረዶ ይሸፈናል። እንግዲያስ ወፍ አገሩን ጥሎ የሚሰደደው ከብርዱ ይልቅ ስለ ረኃቡ ነው፤ ላባው ብርዱን ይችልለት ነበር፤ ምግቡ ከበረዶ በታች ሲቈለፍበት ግን መሄድ ግድ ይሆንበታል። ነቢዩ ኤርምያስ የሽመላን ጊዜ ማወቅ ለሕዝቡ መገሠጫ አድርጎ ያነሣው ይህን የወፎች መንገድ በየዓመቱ አይቶ ነው።

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገድ በዳንግላ ያልፋል። በዳንግላ ከ1925 እስከ 1934 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ቺዝማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦ ነበር። ሥራው የመንግሥት ጉዳይ ሲሆን ልቡ ግን በአዕዋፍና በወንዞች ላይ ነበረ። የዓባይን መንገድ ተከትሎ ተመለከተ፤ የጣናን ዙሪያና ደሴቶቹን ጐበኘ፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያገኛቸውን ወፎችም መዘገበ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታተመ። እንግዳ ሰው ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ በደጃችን ያለውን ወፍ ሲቈጥር፥ የአገሩ ልጅ የወፉን ስም ሳያውቅ ማደጉ የሚያሳፍር ነገር ነው።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ 37 ያህል ደሴቶች አሉት። እንዲህ ሰፍቶ ሳለ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ዘንገና ግን ስፋቱ ጥቂት ሆኖ ጥልቀቱ ከመቶ ሜትር እጅግ ያልፋል። ልዩነቱ ለእንስሶች ትልቅ ነገር ነው። ጉማሬ ቀን ቀን እግሩን በታች አስረግጦ የሚቆምበት ጥልቀት የሌለው ውኃ፥ ሌሊት ደግሞ የሚግጥበት ሣር ያለው ሜዳ ይፈልጋል። የጕድጓድ ሐይቅ ከዳሩ ወዲያው ይጠልቃል፤ በላዩም ያለው ገደል ነው።

በጣና ላይ ማለዳ መነሣት ግዴታ ነው። ጧት ውኃው እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትንንሹን ታንኳ ያስጨንቃል። ታንኳው የሚሠራው ደንገል ከሚባለው የውኃ ዳር ተክል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ሆኖ በገመድ ይጠብቃል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ምስማር የለውም፤ እንጨትም ጥቂት ነው። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ምድር አውጥተው ፀሐይ ያሰጡታል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። በፈረስ ላይ ከቶ የማይፈራ የአዊ ሰው በዚህ ታንኳ ላይ ሲቀመጥ ሁለት እጁን ከነዶው ላይ አያነሣም። ቀዛፊው ግን ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲሄድ ቆሞ ይቀዝፋል። ዛሬ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ብዙ ናቸውና ሩቅ የሚሄድ ሰው በእነርሱ ቢሳፈር ይሻለዋል።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርያም ደሴት በኩል ወደ ዓባይ መውጫ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ወፎችን ያያል። ፔሊካን የተባለው ትልቁ ነጭ ወፍ ከመንቍሩ ሥር የቆዳ ከረጢት አለው። ብቻውን አያጠምድም፤ ብዙዎች ሆነው በግማሽ ክብ ይሰለፉና ዓሣውን ወደ ዳር እየነዱ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ይጥላሉ። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር በዛፍ ጫፍ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮኻል፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። ጥቁሩ ጠላቂ ወፍ ከውኃ ሲወጣ ክንፉን ዘርግቶ በድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ላባው ውኃ ይጠጣልና ሊያደርቀው ነው።

እነዚህ ባለ አገር ናቸው። በመካከላቸው ግን እንግዶች አሉ። ደረቱ ነጭ፥ ክንፉ ጥቁር፥ እግሩ ቢጫ የሆነ አንድ የባሕር ወፍ በጀልባው ኋላ እየተከተለ ቢታይ፥ ያ ወፍ ምናልባት የተፈለፈለው በፊንላንድ ዳርቻ በባልቲክ ባሕር ደሴት ላይ ነው። በዚያ በበጋቸው ጫጩቱን አሳድጎ፥ ብርዱ ሲመጣ አገርና ባሕር አቋርጦ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ይወርዳል። ጨው ውኃ የለመደ ወፍ በጣፋጭ ውኃ ላይ ከዓሣ አጥማጅ የሚወድቀውን እየለቀመ ይከርማል። ባሕርን ያላየው የጥርባ ልጅ ስለዚህ በጣና ላይ ባሕርን ባያይ የባሕርን ወፍ ያያል።

ከሁሉ በላይ የሚደነቀው ግን የፈረንጅ ሊቃውንት ክሬን የሚሉት ግራጫ ወፍ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ አንገቱና እግሩ ረጅም ነው፤ በሰማይ ላይ ሲሄድ እንደ ማረሻ ጫፍ ሹል ሆኖ ተሰልፎ፥ እየተጠራራ ነው። በጣና ዙሪያ፥ በተለይም ግልገል ዓባይ በሚገባበት በጭምባ በኩል ባለው ረግረግ፥ በብዙ ሺህ ሆኖ ይከርማል። በራሱ ላይ ወርቅ የመሰለ አክሊል ያለው ሌላው ዘመዱ ግን ዓመቱን ሙሉ በአገራችን ይኖራል፤ አይሰደድም። ቀን ቀን እህል በታጨደበት እርሻ የረገፈውን ፍሬ ይለቅማሉ። በእርጥብ መሬት የተዘራ ሽምብራ ወይም ጓያ ካገኙም አያልፉም። ስለዚህ ገበሬው ልጆቹን ወንጭፍ አስይዞ ይልካል። ገበሬውን በዚህ መንቀፍ ያስቸግራል፤ ለእንግዳ ወፍ ብሎ የልጆቹን እህል እንዲሰጥ የሚያዝዘው ሰው የራሱን ጐተራ አስቀድሞ ይክፈት።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ጉማሬዎቹ ይታያሉ። መታየትም ማለት ጥቂት ነው፤ አስቀድሞ ሁለት ጆሮ፥ ሁለት ዓይን፥ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ከውኃው በላይ ይወጣሉ። ትንፋሹ ፍን ብሎ ይረጫል፤ ጆሮውን ፈጥኖ ያርገበግባል፤ ከዚያም ይሰምጣል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ከታች ቈይቶ በሌላ ስፍራ ብቅ ይላል። ተኝቶ ሳለ እንኳ ሳይነቃ ለመተንፈስ ይነሣል። እናቲቱ በውኃ ውስጥ ትወልዳለች፤ ግልገሉም በውኃ ውስጥ ሆኖ ይጠባል። ድምፁን እያጐራ ሲያሰማ ግማሹ በአየር፥ ግማሹም በውኃ ውስጥ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ከዓሣ አንበሪ ጋር ይመሳሰላል። ሆኖም እንደ እርሱ ዋናተኛ አይደለም፤ በሐይቁ ወለል ላይ እየረገጠ ይሄዳል እንጂ። ከቆዳው የሚወጣው ቀይ ወዝ ደም ይመስላል፤ ደም ግን አይደለም፤ ቆዳውን ከፀሐይ ትኵሳት የሚጠብቅለት ነው። ብዙ ተርጓሚዎች በመጽሐፈ ኢዮብ የተነገረው ብሔሞት ይህ ነው ይላሉ።

ጉማሬ ሣር በላተኛ ነው፤ ሥጋ አይፈልግም ብሎ የሚቀርበው ሰው ግን ይሳሳታል። አፉን በሰፊው ሲከፍት የሚያዛጋ የሚመስለው አለ፤ ማዛጋቱ አይደለም፤ ግማሽ ሜትር ሊደርስ የሚችለውን ክራንቻ እያሳየ ማስፈራራቱ ነው። ልምድ ያለው ቀዛፊ በእርሱና በጥልቁ ውኃ መካከል አይገባም፤ ግልገል ያላትን እናት ከሩቅ ያልፋታል፤ ሞተር ያለውም ከሩቅ ድምፁን ቀንሶ ይቆማል። በዳር የሚሄድ ሰውም በማታና በንጋት ጉማሬ ከውኃ ወደ ሣር በሚወጣበት ፈለግ ላይ አይቆምም። ሳያዩ የቀረቡ ታንኳዎች ተገልብጠዋል፤ ሰውም ሞቷል። ዝናን ፈልጎ ጀልባውን እንዲያስጠጋለት ገንዘብ የሚጨምር ጐብኚ የቀዛፊውን ሕይወት ዋጋ አብሮ እንደሚከፍል አያስብም።

በጣና ዳር የሚኖሩ ወይጦዎች በቀድሞ ዘመን ጉማሬን በታንኳ ሆነው ያድኑት፥ ሥጋውንም ይበሉት ነበር። ስለዚህ ነገር ጎረቤቶቻቸው ንቀዋቸው ኖረዋል። ንቀቱ የማይገባ ነው፤ በደንገል ነዶ ላይ ቆሞ ያን የሚያህል እንስሳ መግጠም የሚችል ሰው፥ የሐይቁንም ጠባይ እንደ ራሱ ቤት የሚያውቅ፥ ታንኳ መሥራትንም ለባሕሩ ሁሉ ያስተማረ፥ የሚናቅ አይደለም። አደኑ ዛሬ ቀርቷል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በአዞሬስ ደሴቶችም እንዲሁ ሰዎች ከገደል ጫፍ ሆነው ዓሣ አንበሪ ሲያዩ ለአዳኞች ምልክት ይሰጡ ነበር። ለንግድ የሚደረገው አደን በመንግሥታት ስምምነት ከ1986 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ተከለከለ፤ ጥቂት አገሮች ግን አሁንም ያድናሉ። በአዞሬስ ያው የገደል ጫፍ ጠባቂ ያንኑ ዓይኑን ይዞ አሁን ለጐብኚዎች ጀልባ ምልክት ይሰጣል። ሥራው ተለወጠ እንጂ እውቀቱ አልጠፋም። የወይጦዎችም እውቀት እንዲህ ያለ እንጀራ ቢያገኝ መልካም ነበር።

ጉማሬ ለሐይቁ የሚሠራው ሥራ አለ። ሌሊት በምድር ላይ 40 ኪሎ ያህል ሣር ግጦ፥ ቀን በውኃ ውስጥ ፋንድያውን ይጥላል። እንግዲህ የምድርን ፍሬ በሆዱ ተሸክሞ ወደ ውኃው ያወርዳል፤ በዚያም የደቀቀው ነገር ለጥቃቅኖች ፍጥረታት፥ እነርሱም ለዓሣ ምግብ ይሆናሉ። ዓሣ አንበሪም በውቅያኖስ ይህንኑ ያደርጋል፤ ከጥልቁ በልቶ በላይኛው ውኃ ላይ ሲጥለው ባሕሩን ያዳብራል። ዓሣ አጥማጁ ጉማሬ መረቤን ቀደደብኝ ብሎ ሲማረር እውነት አለው፤ ያ መረብ የሚይዘው ዓሣ ከምን እንደሚመገብ ግን አልተነገረውም።

በሌሊት ጤፉን ወይም በቆሎውን የተረገጠበት ገበሬ ግን ይህን ሰምቶ አይጽናናም። በፊት በሐይቁና በእርሻው መካከል ሰፊ ደንገልና የግጦሽ ሜዳ ነበረ፤ ጉማሬውም በዚያ ይቀር ነበር። ሰው ሲበዛ መሬት ጠበበ፤ ውኃው በበጋ ሲሸሽ ዳሩ ይታረሳል፤ ደንገሉም ይታጨዳል፥ ይቃጠላልም። ስለዚህ ጉማሬ ወደ እርሻ መጣ ከማለት እርሻ ወደ ጉማሬ መጣ ማለት ይቀርባል። ደንገል ሲጠፋ ታንኳ የሚሠራበት ያጣል፤ ወፍም ጎጆ የሚሠራበት ያጣል፤ ከእርሻ የታጠበው አፈር ደግሞ ማጣሪያ ሳያገኝ ወደ ሐይቁ ይገባል።

በዚህ ላይ እምቦጭ መጣ። ይህ አረም ትውልዱ በደቡብ አሜሪካ ነው፤ በጣና ላይ መገኘቱ የታወቀው በ2011 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ሲሆን፥ መጀመሪያ የሰፋው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያላወቀው ሰው ለጌጥ ይወስደዋል። በተመቸው ስፍራ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ውኃውን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ከሥሩ ያለው ዓሣ አየር ያጥረዋል፤ ታንኳም መንገድ ያጣል፤ ከብት ሊጠጣ ወርዶ ይጠላለፋል። ብዙ ሕዝብ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከርሟል፤ መሣሪያም መጥቷል፤ አረሙ ግን ማዳበሪያና አፈር እየታጠበ እስከገባለት ድረስ ተመልሶ ይበቅላል። ጣና በ2015 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በዩኔስኮ ከተጠበቁት የሕይወት ስፍራዎች ጋር ተቈጥሯል፤ መዝገቡ ግን አረም አይነቅልም።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጀልባዎቹ ወደ ዳር ይመለሳሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግራጫዎቹ ወፎች ከየእርሻው ተነሥተው እየተጠራሩ ወደ ረግረጉ ይመጣሉ። እግራቸው ብቻ በሚሸፈንበት ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ቀበሮ ቢመጣ የውኃው ድምፅ ይነግራቸዋልና። የካቲት አልፎ ወደ መጋቢት ሲሆን ሙቀት አየር ከምድር ወደ ላይ በሚነሣበት ሰዓት እየተሽከረከሩ ከፍ ይሉና ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጉማሬዎቹ አንድ በአንድ ከውኃ እየወጡ በለመዱት ፈለግ ወደ ሣሩ ይሄዳሉ፤ በእርሻው ዳር የገበሬው ልጅ እሳት ያነዳል፤ ቀዛፊውም ታንኳውን ጐትቶ አውጥቶ፥ ነገ እንዲደርቅለት በዛፉ ላይ ያስደግፈዋል።